ወደ ውስጥ የምትሳበው አዎ

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ በሮች በሚያዩት መዝገብ ላይ ፊቱ ያልታደሰ ሰው ዳቦ መግዛት፣ በእግሩ ወደፈለገበት መሄድ፣ ጎረቤቱን ሰላም ማለት ይችላል። በር ግን አይከፈትለትም።

የውብዳር ጌጤነህ ይህ የገባት መስከረም ላይ ነው፤ አንድ ጉም የበዛበት ጠዋት፣ በምትሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ መግቢያ ላይ። እንደ ወትሮው ሻርፗን ዝቅ፣ አገጯን ቀና አድርጋ በሩ ፊት ቆመች። በሩ፣ «ግባ» አላት።

ከኋላዋ ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ፣ «ምነው የውብዬ፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?» አለችና ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። የውብዳርም አብራ ሳቀች። በማግስቱም «ግባ» ተባለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ግራ የተጋባ ይመስል ትንሽ ቆየ። መዝገቡ ሴት ይላል፤ ዓይኑ የሚያየው ደግሞ ከንፈሩና አገጩ ላይ ጥቁር ጥላ ያረፈበት ፊት ነው። «ይቆዩ» አላት። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

በሮቹ ሲሠሩ እንደ ቤተሰብ ያናግሩ ተብሎ ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ እንዲሉ ተደርገዋል። ስለዚህ በር አንቱ ያለው ሰው የተከበረ ሳይሆን የተጠረጠረ ሰው ነው። አንድ ሰው «ዛሬ በር አንቱ አለኝ» ሲል የሰማው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው «ምነው፣ ምን ተገኘብህ?» የሚለው።

ፀጉሩ የመጣባት ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ አገጯ ላይ ሦስት ዘለላ፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ በዛ ብሎ። በክር ነቀለችው፤ ተመልሶ መጣ። በምላጭ ላጨችው፤ ምላጭ ፀጉሩን ይወስዳል እንጂ ጥላውን አይወስድም፤ በር ደግሞ የሚያየው ጥላውን ነው። ፋብሪካው ላይ ዘበኛ ስላለ በእጁ እየከፈተ ያስገባት ነበር። አንኮበር ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ግን ዘበኛ የለውም። በር ብቻ ነው ያለው።

እዚያ ልጇ ንጋቷ አለች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቷል፤ ከእናቷ ሌላ የተመዘገበ ሰው የላትም። የትምህርት ቤቱ በር የውብዳርን እስከ ጥር ድረስ ታገሣት። ከጥር በኋላ ባሉት እሁዶች ሁሉ «ይቆዩ» እያለ ከመስታወቱ ውጭ አስቀራት። ንጋቷ ከወዲያ በኩል መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ድምፅ አያልፍም። የውብዳር በአፏ ቅርጽ ብቻ፣ በላሽ ወይ፣ ትላታለች፤ ልጅቷ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። አዎ ማለቷ ነው። ያቺን አዎ የውብዳር ሳትሰማት ትሰማታለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ደረሳት። አሳዳጊዋ እስከ መጋቢት ስምንት፣ አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ፊቷን ካላሳደሰች ልጅቷ በሌላ አሳዳጊ ስም ትመዘገባለች ይላል። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች አንቱ እያለ ነበር የተጻፈው።

ፊት የሚታደሰው በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ከመወጣቱ በፊት ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፊት ከፀጉር የሚጠራበት ክፍል አለ። በወረቀት ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ መርፌ ቤት ይለዋል። ወንበር ላይ ትቀመጪያለሽ፤ ከወንበሩ የወጣ ክንድ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ በእያንዳንዱ ዘለላ ሥር ያስገባል፤ ጥቂት እሳት ይለቅበታል፤ ሥሩ ይሞታል። አንድ በአንድ ነው። የውብዳር ከመስከረም ጀምሮ ሃያ ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች። አገጯ አልቋል። የቀረው የላይኛው ከንፈሯ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሉም ሰው ለመጨረሻ የሚያቆየው ቦታ ነው።

ማደንዘዣ አይሰጥም። ወንበሩ በየመሃሉ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ያያል፤ የደነዘዘ ፊት ስለማይንቀሳቀስ ያልታወቀ ፊት ነው ይልና መርፌውን ይሰበስባል። የውብዳር ታኅሣሥ ላይ ቅርንፉድ አኝካ ከንፈሯ ሥር ደብቃ ገብታ ነበር። አሥር ደቂቃ ተመቻት፤ በአሥራ አንደኛው ወንበሩ «ይቅርታ፣ እርስዎን አላውቅዎትም» አላትና ቀጠሮዋ ለአንድ ወር ተገፋ።

የዚህ ሁሉ ችግር ግን ሕመሙ አይደለም። አዎ ነው።

አገሬው አዎ ለማለት አፉን መክፈት አያስፈልገውም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ይህን አያውቁም ነበር። «ልቀጥል?» ይላሉ፤ ሰውየው ሳብ ያደርጋል፤ ወንበሩ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ልቀጥል?» ይላል። አቤቱታ በዛ። ባለሙያዎች ከየከተማው የአራት ሺህ ሰው ትንፋሽ ቀድተው ወንበሮቹን አስተማሯቸው። ከዚያ ወዲህ ወንበር አንዲት ቁራጭ ትንፋሽ አታመልጠውም። ከንፈሩ ላይ እሳት የተለቀቀበት ሰውም ልክ እንደዚያው ሳብ እንደሚያደርግ ግን ያሰበ አልነበረም። ወንበሩ በየአምስት ዘለላው «ልጨምር?» ይላል። ዝም ካልሽ ባለበት ይሄዳል። ካመመሽና ሳብ ካደረግሽ፣ አዎ ብለሻል፤ የእሳቱንም የፍጥነቱንም ደረጃ ይጨምራል። ሲጨምር የበለጠ ያምማል፤ የበለጠ ሲያምም ትስቢያለሽ። «አቁም» ማለት ይቻላል፤ ወንበሩ ወደ መነሻው ደረጃ ይመልስና ሩብ ሰዓት ያሳርፋል። በአንድ ቀን ሦስተኛውን አቁም ያለ ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

በዚህ የተነሣ ከተማው ልማዱን ቀይሯል። መርፌ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች እቤታቸውም፣ ገበያም አዎን በአፋቸው ሞልተው ነው የሚናገሩት። የውብዳርም ለስድስት ወር እንዲህ ስትለማመድ ኖራለች። ባልንጀሮቿ፣ «ኮራሽ እኮ፣ እንደ ዜና አንባቢ ሆንሽ» ይሏታል።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እትዬ ብርቄ ቀድመዋት ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ መርፌ ቤት ሦስት ዓመት የተመላለሱ ሴት ናቸው፤ አዲስ የመጣ ሁሉ ከሐኪም በፊት የሚያማክረው እሳቸውን ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒኗን ከአንድ ሰዓት በፊት ውጣ እንደሆነ ጠየቋት፤ ውጣለች። ውኃስ፤ ጠጥታለች። ቡናስ ሲሏት መሬት መሬት አየች።

«ጉድሽ ፈላ» አሏት። «ቡና የጠጣ ቆዳ ነጭናጫ ነው። ስንት ዘለላ ቀረሽ?»

«መቶ ስድሳ።»

«ዛሬውኑ?»

የውብዳር ሳብ ልታደርግ ነበር፤ ያዝ አደረገችና «አዎ» አለች።

እትዬ ብርቄ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ስሚኝ። ሕመሙ ሲመጣ ወደ ውስጥ አትቀበይው፤ አስወጪው። በጉሮሮሽ አንጎራጉሪ። ሲያልቅብሽ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሌባ ትንፋሽሽን ሰብስቢና እንደገና። የሚያንጎራጉር ሰው አዎ ሊል አይችልም።»

ምን እንደምታንጎራጉር ጠየቀቻቸው። ያሻትን እንደሆነ ነገሯት፤ የእሳቸው አውቶቡስ ነው፣ ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ፤ ዜማ ይምታታል፣ ሞተር ግን አይምታታም። እውነትም ኮሪደሩ ላይ ጆሮውን ያቀና ሰው ከየበሩ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ አንዳንዱ የሚንቀጠቀጥ። ከውጭ ለመጣ እንግዳ ጸሎት ቤት ይመስለዋል።

የውብዳር ተራዋ የደረሰው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ወንበሩን የምትጠብቀው ሲስተር ዝማም ናት፤ የውብዳር እኩያ፣ ከመስከረም ጀምሮ የምታውቃት። የወንበሩ ጆሮ ክፍት ሳለ ሲስተር ዝማም መናገር አይፈቀድላትም፤ ድምፅ ይቀላቀላል። ሥራዋ መርፌ መቀየር፣ በረዶ መያዝና ዝም ማለት ነው። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሰላም አለቻት።

ጉዞው በሁለተኛው ደረጃ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ዘለላዎች የውብዳር ፋብሪካ ውስጥ የምትጠብቀውን የሽመና ማሽን ድምፅ እያንጎራጎረች አለፈቻቸው፤ አንድ ወጥ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የኖረ። መርፌው ወደ ከንፈሯ ጠርዝ ሲጠጋ ግን ትንፋሿ አመለጠ። «ልጨምር?» ካለው ጋር ገጠመ። ሦስት። ሦስት ላይ እንደገና ሳበች። አራት። አምስት ላይ «አቁም» ብላ ጮኸች። ሩብ ሰዓት ዕረፍት። ከዕረፍቱ በኋላ ሃያ አምስት ዘለላ ተሄደ፤ ያው ሆነ፤ ሁለተኛው አቁም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል። በዕረፍት ጊዜ የወንበሩ ጆሮ ስለሚዘጋ ሲስተር ዝማም በረዶውን ከንፈሯ ላይ አድርጋላት ተናገረች።

«የውብዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። መቶ ገደማ ይቀራል። በዚህ አካሄድ አሥራ አንድ ያልፈናል።»

«በስንት ብንሄድ ነው የሚደርሰው?»

ሲስተር ዝማም በስድስት ቢሆን እንደሚደርስ፣ ስድስት ላይ እያንዳንዱ ዘለላ አሥር ሰከንድ እንኳ እንደማይፈጅ ነገረቻት። ነገር ግን ስድስት ላይ አንዴ የሳበ ሰው ሰባት ይገባል፤ ሰባት ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳ ያለበት ፊት ደግሞ አዲስ ፊት ነው፣ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም። አቁም ካለች ቀኑ ያበቃል።

«ስድስት ላይ አንጎራጉሮ የጨረሰ ሰው አለ?»

ሲስተር ዝማም በረዶውን አገላበጠች። «እትዬ ብርቄ አንዴ አሥራ ሁለት ዘለላ ሄደዋል።»

የውብዳር ጣራውን አየች። መስታወት ላይ የተለጠፈች ትንሽ መዳፍ ታየቻት፤ መስመሮቿ ሁሉ የሚቆጠሩ። ሌላ ሰው፣ የማታውቀው ሰው፣ እሁድ ጠዋት «ግባ» ተብሎ ገብቶ ያችን እጅ ሲይዝ ታያት።

ዕረፍቱ አለቀ። ወንበሩ ጆሮውን ከፈተ፤ መርፌው ወረደ። ከአምስት ዘለላ በኋላ «ልጨምር?» አለ።

የውብዳር ስድስት ወር ሙሉ ስትሸሻት የነበረችውን ትንፋሽ፣ አሁን አውቃ፣ ጥርት አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች።

«እሺ» አለ ወንበሩ።

አራት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ሲስተር ዝማም በአራተኛው ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስድስት ሲገባ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ሦስት ደቂቃ ይቀር ነበር፤ ከመቶው ዘለላ ደግሞ ሰማንያ።

ስድስት ላይ ሕመሙ ከንፈር ላይ አይቀርም። አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ሳታለቅስ ዕንባዋ በራሱ ይወርዳል፤ የእግር ጣት ጫማ ውስጥ ይጨበጣል። የውብዳር ማሽኗን አንጎራጎረች። ትንፋሿ ሲያልቅ እንደ ሌባ፣ በአፍንጫዋ፣ በቀስታ፣ እንደገና። «ልጨምር?» እንጉርጉሮ። «ልጨምር?» እንጉርጉሮ። ስልሳ ቀረ። ሃምሳ ቀረ። ማሽኑ ሲያረጅ እንደሚያደርገው ድምፁ መሃል መሃል ላይ ይቆራረጥ ጀመረ።

ሠላሳ ሲቀር መርፌው ከአፍንጫዋ ሥር፣ መሃሏ ላይ ደረሰ፤ የውብዳርም ማስነጠሷ መጣ።

ማስነጠስ በመሳብ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ መኮርኮር፣ ከዚያ ደረት መነፋት፣ ከዚያ ያቺ ትንፋሽ። ሲስተር ዝማም ከፊቷ ላይ አነበበችው። እጇን ዘርግታ የአፍንጫዋን አጥንት፣ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል፣ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። «ልጨምር?» አለ ወንበሩ። የውብዳር ድምፅ ጠፋባት። ደረቷ እየተነፋ ሄደ።

ያን ጊዜ ሲስተር ዝማም አንጎራጎረች። መናገር ነው የተከለከለው፤ ስለ እንጉርጉሮ የተጻፈ ነገር የለም። የማሽኑን ድምፅ ከሰማችው ተነሥታ፣ ትንሽ ወረድ አድርጋ ያዘችው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ወንበር ዳገት የሚወጣው አውቶቡስ ይሰማል። የውብዳር በሁለቱ መካከል ድምፅዋን ፈልጋ አገኘችው። መኮርኮሩ ከአፍንጫዋ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ደረቷ ረገበ። ወንበሩ መልስ ስላላገኘ ባለበት ቀጠለ።

የመጨረሻው ዘለላ ሲወጣ ለአሥራ አንድ ስምንት ጉዳይ ነበር።

ሊፍቱ ፊት ስለሚጠይቅ በደረጃ ሮጠች፤ በረዶ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አፏ ላይ እንደያዘች። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጸሐፊ ብቻ ቀርቶ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። ፊት ወደሚያድሰው መስታወት ጠቆማት። ቆመች፤ አገጯን ቀና አደረገች።

«ይቆዩ» አላት መስታወቱ።

ጸሐፊው በጎን አያት። ከንፈሯ አብጦ፣ በበረዶው ደርቆ፣ የሷ አይመስልም። መስታወቱ ፈገግ እንድትል ጠየቃት፤ ዓይኖቿ ፈገግ አሉ፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘም። ስሟን እንድትናገር ጠየቃት፤ «የው» ብላ ቀረች፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል ሁለት ከንፈር ይፈልጋል። ጸሐፊው ሰዓቱን አየና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ሰኞ መጥታ አቤቱታ ማስገባት እንደምትችል ነገራት። ሰኞ ምን ዋጋ አለው ልትለው ፈለገች፤ ለዚያም ከንፈር ያስፈልጋል።

መስታወቱ ደንቡ የሚያዘውን የመጨረሻ ጥያቄ አቀረበ። «እርስዎ ወይዘሮ የውብዳር ጌጤነህ ነዎት?»

የውብዳር ሳብ አደረገች።

ጸሐፊው የያዘውን ወረቀት እንደያዘ ቀረ፤ እንደዚያ ያለች አዎ ከሰማ ስንት ዓመቱ።

«እሺ» አለ መስታወቱ። «ፊትሽ ታድሷል። በሰላም ሂጂ፣ የውብዳር።»

እሁድ አንኮበር ላይ ነፋስ ነበር። በሩ «ግቢ» አላት። ገባች። ንጋቷ ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች መጥታ ሆዷ ላይ ተላተመች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ ጥርስ ወልቋል፣ አንዲት ጓደኛ ተጣልታለች፣ ምስሩ ጨው የለውም። የውብዳር ሁሉንም ሰማች። የጉብኝት ክፍሉ ነጭ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ ከጥር ወዲህ የገባ ጆሮ አለ። ያንን የነገራት አልነበረም፤ ግድግዳው ራሱ ነው የነገራት።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለ። «ጉብኝቱን ልጨርስ?»

የውብዳር «አይ» ልትል አፏን ስትከፍት ቁስሉ ሳባት፤ ቃሉ አልወጣም። ንጋቷ ግድግዳውን አልሰማችውም። የእናቷን ከንፈር እያየች ነበር፤ ከላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተደርድረዋል።

«እማ፣ ያምምሻል?» አለችና ጣቷን አስነካችው።

ከንፈሯ ላይ ያ እሳት እንደገና ተለቀቀ። ትንፋሿ ከደረቷ ተነሥታ፣ ወደ ውስጥ ልትገባ፣ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰች። የውብዳር እዚያው ያዘቻትና ወደ ውጭ መለሰቻት፤ አንድ ወጥ፣ ዝቅ ያለ፣ ረጅም ድምፅ ሆና ወጣች።

ንጋቷ ሳቅ አላት። ጨዋታ መስሏታል። ግንባሯን ከእናቷ ግንባር አጋጥማ፣ በወለቀው ጥርሷ በኩል አየር እያፏጨ፣ አብራ አንጎራጎረች።

«ጉብኝቱን ልጨርስ?» አለ ግድግዳው።

ሁለቱም በአፍንጫቸው፣ በቀስታ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ እንደገና ጀመሩ።

ግድግዳው ትንሽ ቆየ።

«ወይዘሮ የውብዳር» አለ ከዚያ፣ አንቱ ብሎ፣ «መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።»